የእታፈራሁ መስታወት

በእኛ ሰፈር ሴቶች ሲመካከሩ የሚያነሱት አንድ አባባል አለ። ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። እኔ ግን ባለታሪኳ አክስቴ ስለሆነች፣ መጀመሪያ ሲነገርም እዚያው ነበርኩ።

አክስቴ እታፈራሁ መርሳ ከተማ ውስጥ ደምሰው ከሚባል ልብስ ሰፊ ጋር ትኖር ነበር። በሰባት ዓመት ትበልጠዋለች፤ ልጅም አልወለዱም። አርባን ከተሻገረች ወዲህ፣ አንድ ቀን ጥሎኝ ይሄዳል የሚል ፍርሃት ገባባት።

ጠዋት እሱ ወደ ሥራው ሲወጣ የእጅ መስታወቷን ይዛ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ግንባሯን ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። የጉንጯን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጣ ስትለቀው ቶሎ ይመለስ እንደሆነ ታያለች። በዓይኗ ጥግ ያሉትን መስመሮች ትቆጥራለች። ከፋሲካ በፊት ሦስት ነበሩ፤ ሰኔ ላይ አምስት ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ ብርሃን ጠላች። የደምሰውን ወንበር ከመስኮቱ አንስታ ጓዳው አጠገብ፣ ጨለማው ጥግ አደረገችው። ራት ስታቀርብ ነጠላዋን እስከ ጉንጯ ትከናነባለች፤ ቀና ብላም አታየውም።

"እታፈራሁ፣ ምን በድዬሽ ነው ፊት የምትነሺኝ?" አላት አንድ ምሽት።

"ምንም። ብርዱ ነው፤ ይልቅ ብላ።"

ሁለት ጎርሶ እጁን ሰበሰበ። "ደክሞኛል" አለ። እሷ መልኳ ያስጠላው መሰላት። በማግስቱ መስታወቷን ይዛ እስከ ረፋድ ተቀመጠች።

ጥቅምት ላይ ደምሰው የስፌት መኪናው ላይ ተደፋ። ጓደኞቹ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱት፤ እሷም እየሮጠች ደረሰች። ነርሷ የዓይኑን ሽፋን ገለጥ አድርጋ፣ "ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

እታፈራሁ ጎንበስ ብላ አየችው። ዓይኑ እርድ መስሏል፤ ጉንጩ ገብቷል።

"አላውቅም" አለች።

"እኛማ ከክረምት ጀምሮ አይተናል" አለ አጠገቡ የሚሰፋው ሰው። "የቤቱ ሰው ሳታውቅ አትቀርም ብለን ዝም አልን።"

ጉበቱ ነበር፤ ጊዜውም አልፏል። አሥራ ዘጠኝ ቀን ከአልጋው ሳትርቅ አስታመመችው። "ለምን አልነገርከኝም?" ብትለው፣ "አንቺም የከፋሽ ነገር ነበር፤ ልጨምርብሽ አልፈለግሁም" አላት። ቀጥሎም፣ "እንዲህ ቀና በይልኝ። የናፈቀኝ ይኼ ፊት ነው" አለ።

በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤቱ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እማማ ዝማም የሚባሉ ጎረቤት እጇን ያዙና፣ "ልጄ፣ ዓይንሽን ሳትነቅዪ አስታመምሽው፤ ምን ይቆጭሻል?" አሏት።

አክስቴ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠችና ስለ ሌላ ሴት እንደምታወራ ሁሉ ቀስ ብላ፣ "መስታወት ስታይ የኖረች፣ ባሏን ሳታይ ቀበረች" አለች።