ዛፉ የቀለበው ጥንዚዛ

አንድ ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበር። ታናሽ ወንድሙ የእርሻ ድንበር ገፍቶበት ከተጣሉ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱ ግን ቂሙን እንደ ጥሪት ይጠብቀው ነበር። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሚስቱ ከአንገቱ መዥገር ልትነቅልለት ጠጋ አለችና ደንግጣ ቀረች።

«ደረትህ ውስጥ ምንድን ነው የሚቆረጥመው?» አለችው።

ጓንጉልም ትንፋሹን ውጦ ቢያዳምጥ ሰማው። የሆነ ነገር ቀስ እያለ ይበላል።

ፈርቶ ከጫካው ዳር ወደሚኖሩ አዋቂ ሽማግሌ ሄደ። «አባቴ፣ በጸሎት ያውጡልኝ» አላቸው።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አሉና ከደጃቸው ዛፍ ላይ የቡጢ ያህል እብጠት ቆርጠው በቢላዋ ሰነጠቁት። መሃሉ ልሙጥ ጎጆ ነበር። ውስጡ የተጠቀለለ ነጭ ትል ብርሃን ሲነካው ጭንቅላቱን ወደ ጓንጉል አዞረ።

«ይህን ቤት ማን ሠራው?»

«ትሉ ነዋ።»

«አይደለም ልጄ። ጥንዚዛዋ እንቁላሏን ጥላ ሄደች። ግድግዳውን የሠራለት፣ ከገዛ አካሉ የሚቀልበው ዛፉ ነው። ትሉ ክንፍ ሲያወጣ በስቶ ይሄዳል። ያንተም ሳይበር ታረቅ።»

«እሱ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኛ» ብሎ ጓንጉል ተመለሰ።

ሰነባብቶ ወንድሙ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጣና ከደጁ ተንበረከከ። የአገሩ ልማድ ነው፤ የተበደለው ድንጋዩን አንስቶ «ይቅር ብያለሁ» ካላለ በዳይ ቀና አይልም። ጓንጉል በበሩ ስንጥቅ አየውና ደስ አለው፤ ምን ይደበቃል፣ በጣም ደስ አለው። «ትንሽ ይቅመሳት» አለ።

«ኧረ የአንድ እናት ልጅ ነው» ብላ ሚስቱ ለመነችው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አልወጣም።

በመጨረሻ ወጥቶ ድንጋዩን አነሳለት። ሊናገር አፉን ቢከፍት ግን ቃል አልወጣውም። አንድ ጥቁር ጥንዚዛ ከምላሱ ላይ ክንፉን ዘርግቶ በወንድሙ ራስ ላይ አልፎ በረረ። የጓንጉል ደረት ጸጥ አለ።

«ጋሼ» አለ ወንድሙ እንደተንበረከከ፣ እያለቀሰ።

ጓንጉል አየው። ንዴት አልመጣለትም፤ ፍቅርም አልመጣለትም። በውስጡ የነበረው ይቅር ባይ ሰው አብሮ ተበልቶ አልቋል።

ቂሙን የጣለብን ሌላ ሰው ይሆናል። ቤት ሠርተን የምንቀልበው ግን እኛው ነን፤ በቆየ ቁጥር የሚበላውም እኛኑ ነው። እስቲ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ። ሲቆረጥም ከሰማችሁ ገና ጊዜ አላችሁ። ዝም ካለስ?