ሁለት ዓይን ለምን ሁለት ዓይን ተባለ

ከገበያው በላይ፣ ትምህርት ቤቱ ጥግ ያለችውን መታጠፊያ ዛሬ ሰው ሁሉ «ሁለት ዓይን» ይላታል፤ የባጃጅ ሹፌሩም «ሁለት ዓይን ወራጅ አለ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ በሌላ ስም አያውቃትም። ስሙን ያወጣላት መንግሥት አይደለም፣ ነብር ነው ይባላል፤ ያውም የጫካ ሳይሆን የግድግዳ ነብር።

እንደሚነገረው፣ የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ገና ሲያብለጨልጭ ተማሪው ጥቂት ነበር። ከአውራጃ የመጣ ሹም ለመጀመሪያው ዳይሬክተር ለመምህር ገድሉ፣ በመስከረም ወንበሩ ካልሞላ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ልጆቹ ከወንዝ ማዶ ይማራሉ ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ወንዙ ደግሞ ሲሞላ ጎልማሳ የሚወስድ ነውና ልጁን ማዶ የሚሰድ ወላጅ አልነበረም፤ ተዘጋ ማለት ትምህርት ቀረ ማለት ነበር። መምህሩ ሲያወጡ ሲያወርዱ ከርመው፣ ልጅን የሚጠራው ዓይኑ ነው፣ ግድግዳው ላይ የትምህርት ቤቱ መለያ የሚሆን እንስሳ እናስል አሉና አገሩን ሰበሰቡ። አንበሳ እንዳይባል የማዶዎቹ ቀድመው ወስደውታል። አንዱ ገበሬ በሬ ይሁን ቢል፣ የሰፈሩ ወላጅ ሁሉ አፍ አፋቸውን የሚያያቸው እማማ ትጓደድ «በሬ ለማየትማ ትምህርት ቤት ምን አመጣኝ፣ በረት አለልኝ» ብለው አሳቁበት። መጨረሻ ላይ በነብር ተስማሙ።

ሠዓሊው ልሳኑ የሚባል፣ ከተማ የሱቅ ማስታወቂያ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነበር። ስም ማጥፋት አይሁንብኝና፣ ነብሩን ከጅራቱ የጀመረው ያለ ነገር አይደለም ይባላል፤ ከዚያ ጫፍ ፊት ለፊት የባንቻየሁ ጠላ ቤት ነበረች፣ ባንቻየሁም ያኔ ዓይን የምትይዝ ለጋ ሴት። ልሳኑ አንድ መስመር ይስባል፣ ዞሮ ያያል፣ ሌላ መስመር ይጨምራል። ጅራቱ ረዘመ፣ ረዘመ፣ ሰዉም ይሄ ነብር ነው ወይስ ዘንዶ ይለው ጀመር። ራሱ ጋ ሲደርስ ግድግዳው አለቀ፤ የቀረችው ቦታ ጠባብ ስለሆነች ነብሩን ወደ ጎን የሚያይ፣ ባለ አንድ ዓይን አድርጎት ብሩሹን አጠበ።

ይሄኔ ጉድ ፈላ። በአገሩ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ጻድቅ ሁሉ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳና ሰይጣን ነው። እማማ ትጓደድ ነብሩን አይተው አማተቡና የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ተመለሱ። «ሰይጣን በር ላይ አቁማችሁ ልጅ አምጡ ትሉናላችሁ?» አሉ። በማግስቱ ከነበሩት ልጆችም ብዙዎቹ ቀሩ። ዕለቱ ዓርብ ነበር፣ ሹሙ ሰኞ ይመጣል ተብሏል።

መምህር ገድሉ ፊቱን አዙርልኝ ብለው ልሳኑን ለመኑት። እሱ ግን ፊት ለፊት የሚያይ ራስ እዚህች ላይ አይበቃም፣ ግድግዳው አልቋል፣ ሁሉን ፍቄ እንዳልጀምር ጊዜውም ቀለሙም የለም ብሎ ራሱን ያዘ። ባንቻየሁ ጅራቱ በማን ምክንያት እንደረዘመ ታውቃለችና ጠላዋን ትታ መጣች። ማዕዘኑን ዞራ አየች፤ በዚያ በኩል ነጭ ግድግዳ ተዘርግቷል።

«አንተ፣» አለችው፣ «ግድግዳው አለቀ እንጂ ቤቱ መች አለቀ? ዙርበትና ሁለተኛውን ዓይን በዚያ በኩል አድርግለት።»

ልሳኑ ዞረበት። ግማሽ ፊት በዚህ፣ ግማሽ ፊት በዚያ፣ አፍንጫው ማዕዘኑ ላይ ሹል ሆኖ ወጣ።

እሑድ ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ ሁሉ እዚያው ተሰበሰበ። እማማ ትጓደድ በመንገዱ በኩል ቆመው አዩ፣ አንድ ዓይን። በጓሮው በኩል ቆመው አዩ፣ አንድ ዓይን። መምህር ገድሉ ክንዳቸውን ይዘው ማዕዘኑ ትክክል አቆሟቸው፤ ነብሩ በሁለት ዓይኑ ትኩር ብሎ፣ ግድግዳውን ጥሶ የሚወጣ መስሎ መጣባቸው። ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«አሁን አየኝ» አሉ። «የልጅ ልጄን ጻፉልኝ።»

ሰኞ ሹሙ ሲመጣ ወንበሩ ሞልቶ፣ ልጆች በመስኮት ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘ፤ እሱም መቀመጫ አጥቶ ቆሞ ዋለ፣ የመዝጋቱን ነገርም ዳግም ያነሳ የለም። ልሳኑም ወደ ከተማ አልተመለሰም፤ የት እንደቀረ መንገር አያስፈልግም።

ጭቃው ግድግዳ ኋላ በብሎኬት ተተካ፣ ቀለሙም ስንቴ ታደሰ፤ መሐንዲሱ ማዕዘኑን ክብ ላድርገው ቢል ሰፈሩ ነቅሎ ወጥቶ አስቆመው ይባላል። ዛሬም መስከረም ሲጠባ እናት አዲስ ተማሪ ልጇን ታመጣና እዚያ ትለቀዋለች። ልጁ ወደ ግራ ይላል፣ ወደ ቀኝ ይላል፣ ሁለቱ ዓይኖች የሚገጥሙበትን ቦታ ራሱ እስኪያገኝ ማንም አይረዳውም። ሲያገኘው «አየኝ!» ይላል፤ እናቲቱ እልል ትላለች፣ በሩም ይከፈትለታል። ሳያገኘው ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ እስከ ዛሬ አልተሰማም።