ደጅ የሚከፈተው ቅርጫት

በሜክሲኮ ደጋማ አገር፣ ሳንታ ብሪሂዳ በምትባል መንደር፣ የታኮ ቅርጫት ቤት ውስጥ አይከፈትም። ሴቶቹ ስስ የበቆሎ ቂጣ ጋግረው፣ አደንጓሬ ወይም የተፈጨ ድንች አድርገውበት ያጥፉና በቅርጫት ይደረድሩታል፤ በቃሪያና በሽንኩርት የጋለ ዘይት ያፈሱበትና በጨርቅ ጠቅልለው በገዛ እንፋሎቱ እንዲያልበው ይተዉታል። ታኮ የሚሉት ይህን ነው፤ እስከዚህ ድረስ ሌላውም አገር ያደርገዋል። በዚያች መንደር ግን ታኮው ሲደርስ እናትየዋ፣ ልጆቿ ምራቃቸውን እየዋጡ፣ ቅርጫቱን ይዛ ደጅ ትወጣለች፤ የመጀመሪያውን ለመንገደኛ ሳትሰጥ ለቤቷ አንድም አታወጣም። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል። ሽማግሌዎቹ አይስቁም።

እንደሚነገረው፣ ድሮ በመንደሪቱ ፔትሮኒላ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ካሲሚሮ ከተራራው ሥር ባለው የድንጋይ ካባ ድንጋይ የሚፈልጥ፣ ጨዋታ አዋቂና ሆዱን የሚወድ ሰው ነበር። ምሳው ካባው ድረስ ሲሄድ ስለሚቀዘቅዝበት፣ «ፔትራ፣ የበረደ ምግብ እኮ ለሬሳ ነው» እያለ ይነዘንዛት ነበር። እሷም ብዙ ሞክራ አልሆንላት ሲል፣ አንድ ቀን የታጠፈውን ቂጣ በቅርጫት ደርድራ፣ የጋለ ዘይት አፍስሳበት፣ ልጆቿን ታዝልበት በነበረው ሻል ጥብቅ አድርጋ ጠቀለለችው። የዚህ ታኮ ፈልሳፊ እሷ ናት ይባላል። ሌሎች መንደሮች በዚህ አይስማሙም፤ እነሱም የራሳቸውን ያውሩ።

ዛሬ ምን ሊል ነው እያለች፣ ብቻዋን ፈገግ እያለች ካባው ስትደርስ፣ ገደሉ ተንዶ ካሲሚሮን ውስጥ አስቀርቶታል። ጓደኞቹ በእጃቸው ይቆፍራሉ፤ መሣሪያቸውም ምሳቸውም ከናዳው ሥር ነው። ካሲሚሮ ግን በሕይወት ነበር፤ መዶሻውን ከድንጋይ ጋር ሲያጋጨው ከታች ይሰማል። ፔትሮኒላ ያን ድምፅ ሰምታ ተቀመጠች፤ ቅርጫቱንም ደረቷ ላይ አቀፈችው።

ፀሐይዋ ስትበረታ የወንዶቹ ክንድ ዛለ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አናክሌቶ ወደ እሷ መጡ።

«ልጄ፣ ጉልበት ከዳን። ከያዝሽው አቅምሺን።»

«የሱ ነው» አለቻቸው። «ከከፈትኩት ይበርድበታል። ሲወጣ ትኩሱን ይበላል፣ አባባ።»

ሽማግሌው አፍረው ተመለሱ። በጭንቅ ላይ ያለችን ሴት ማን ሁለተኛ ይለምናታል? እሷም ክፉ ሆና አልነበረም። የቅርጫቱ ሙቀት ደረቷ ላይ እስካለ ድረስ ባሏም አለ ብላ አመነች፤ ጨርቁን ከፈታችው ነፍሱን የምትለቅበት መሰላት።

አንዱ ቆፋሪ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ ሌላው። የመዶሻው ድምፅ እየቀጠነ ሄደና ጠፋ።

ያኔ ነው ፔትሮኒላ ብድግ ብላ ቋጠሮውን በጥርሷ የፈታችው። «ብሉ! በእናታችሁ ብሉ!» እያለች በየእጃቸው አስያዘቻቸው። ወንዶቹ እንፋሎቱ ፊታቸውን እየመታው ጎረሱ፤ ነፍስ ዘራባቸውና እንደገና ድንጋይ መገልበጥ ያዙ። ብዙም ሳይቆዩ ካሲሚሮ ጋ ደረሱ። ሞቷል።

ለእሱ ያስቀረቻት አንዲት ታኮ በግራ እጇ እንዳለች፣ ቀኝ እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ አናክሌቶን አየቻቸው።

«ገና ትኩስ ነው» አለች።

«የገደለው ድንጋዩ ነው፣ ልጄ። አንቺ አይደለሽም» አሏት። ምናልባት እውነታቸውን ነው፤ ቀድመው ቢበሉስ ይደርሱለት እንደነበር ማን ያውቃል? እሷ ግን የሚያጽናናትን ሁሉ እየሰማች አንዱንም ሳትቀበል አረጀች። ከሐዘኗ ስትነሣ ያንኑ ታኮ ሠርታ፣ በዚያው ሻል ጠቅልላ ደጅ አወጣችውና ላላፊ አግዳሚው አበላች፤ እስክትሞት ድረስ ሌላ ዓይነት ቀን አልነበራትም ይባላል። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ ብቻዋን እንዳትሆን ብለው የየራሳቸውን ቅርጫት ይዘው አጠገቧ ቆሙ። በኋላ ልማድ ሆነ።

ካባው ዛሬ ሣር በቅሎበታል። በመንደሪቱ የምታልፉ ከሆነ ግን አንዲት ሴት ከደጇ ላይ ትጠራችኋለች፤ የማታውቃችሁ ብትሆኑም የመጀመሪያውን ታኮ በእጃችሁ ታስይዛችኋለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም፣ እናቷ ስትል እንደሰማችው፣ «ገና ትኩስ ነው» ትላችኋለች።