በልክ የተሠራ ቺፕ

የትራፊክ መብራት መቆጣጠሪያ የሚሠራ አንድ ድርጅት ነበር። ዳይሬክተሩ አቶ ጌጤነህ ከውጭ አገር ኤግዚቢሽን ሲመለሱ ሦስት ብሮሸርና አንድ አዲስ ምኞት ይዘው መጡ፤ በልካቸው የተሠራ ቺፕ። ፋብሪካ አንዴ ቀርጾ የሚያወጣው፣ ከዚያ ወዲያ ማንም የማይለውጠው፣ የእሳቸው ብቻ የሆነ። የድርጅቱ መሐንዲስ ግን የምትሠራው ከተገዛ በኋላም ውስጡ ደጋግሞ ሊዋቀር በሚችል ቺፕ ነበር።

ሰኞ ዕለት አረንጓዴው አርባ ሰከንድ ይብራ ብለው አዘዙ። ረቡዕ ሃያ ይበቃል አሉ። ዓርብ ጠዋት ቀይ መብራት ራሳቸውን ሲያቆማቸው ደግሞ፣ ከቤታቸው የሚያመጣቸው መንገድ ከእንግዲህ ቀይ የሚባል ነገር እንዳያይ ወሰኑ። መሐንዲሷ ሁሉንም በየዕለቱ አዋቅራ አስረከበች።

ዓርብ ከሰዓት የድርጅቱ ቦርድ ፊት አስቆሟት።

«በየቀኑ የሚቀያየር ቺፕ የምትጠቀሚው ሥራሽን ስለማታውቂ ነው» አሏት። «በልኬ የተሠራ ስጪኝ ብያለሁ። አልችልም ካልሽ ዛሬውኑ መልቀቂያሽን ጻፊ። እችላለሁ ካልሽ ደግሞ እስካሁን ለምን አልሠራሽም?»

የቦርዱ አባላት ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ።

«ኧረ ሠርቻለሁ፣ ክቡር ዳይሬክተር!» አለች። «አንዴ ተቀርጾ የሚቀረው የሚፈልገውን ለሚያውቅ ሰው ነው። እርስዎን ግን ሰኞ ለካሁ፣ ረቡዕ ለካሁ፣ ዛሬ ጠዋትም ለካሁ። በልክዎ የሆነው ይኼ የሚቀያየረው ብቻ ነው።»