የተዝካሩ በሬና አንዲቷ መብራት

በአንድ ወቅት፣ ያን ያህል ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ የመብራት ምሰሶ ተተክሎ ሽቦው ያልመጣበት አንድ መንደር ነበር። ምሰሶው ከቆመ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሰዉ መጀመሪያ በየቀኑ ቀና እያለ ያየው ነበር፤ ኋላ ሰለቸውና አህያ ያስርበት ጀመር።

በዚህ መንደር ወይዘሮ ታንጉት የሚባሉ እናት ይኖሩ ነበር። ባላቸው አያ አድማሱ ሲያርፉ ሦስት ልጆች፣ የኩራዝ ጭስ ያጠቆረው ቤትና አንድ የሰባ በሬ ትተውላቸው ሄዱ። በሬው የተዝካር ነው። አያ አድማሱ ራሳቸው ገና በሕይወት ሳሉ «ይሄን ለአርባዬ» ብለው ነበር ያደለቡት።

በሣልስቱ ቀን አንድ ኮት የለበሰ እንግዳ ለቅሶ ደረሰ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ደረቱን እየመታ አለቀሰ። እውነቱን ለመናገር ከዘመድ ሁሉ አብልጦ አለቀሰ። ከዚያ ከወንዶቹ መሐል ተቀምጦ ንፍሮውን ቆረጠመ። የዚያ አገር ሰው ገበያ ላይ ሲሆን አንዲት ዶሮን እንኳ ላባዋን ገልጦ፣ ክንፏን ዘርግቶ፣ ሦስቴ ሄዶ ሦስቴ ተመልሶ ነው የሚገዛ። ለቅሶ የደረሰን ሰው ግን ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይመረምርም። ነውር ነዋ!

«አባባ አድማሱን እንደ አባቴ ነበር የማያቸው» አለ እንግዳው ለወይዘሮ ታንጉት። «የፀሐይ መብራት አስገባልዎታለሁ ብያቸው ሞት ቀደመኝ።»

ኢንጂነር ነኝ አለ። ከካርቶን አንድ ፓኔል፣ አንድ ባትሪና አንድ አምፖል አውጥቶ ድንኳኑ ውስጥ አበራው። ወይ ጉድ! ቦግ ሲል ሰዉ ሐዘኑን ረሳ።

«ከሚከፍሉት ግማሹን መንግሥት ይመልስልዎታል፤ ከአርባው በፊት እጅዎ ይገባል። ምዝገባው ግን ዛሬ ነው የሚዘጋው።»

«ዛሬ? እንዲህ ሐዘን ላይ ተቀምጬ?»

«ምን ላድርግ እናቴ፣ እኔም እኮ አዝኛለሁ።»

ወይዘሮ ታንጉት ደክሟቸው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሱም። በሬው በዚያው ቀን በዋጋው ፈንታ ተነድቶ ሄደ፣ ለሦስቱ ልጆች ለየጎጇቸው ሦስት ካርቶን መጣ። ማንም ጮክ ብሎ ያላነበበው ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። በየባትሪው ላይ በቀይ ማሸጊያ «ከተከፈተ ዋስትናው ይቀራል» ተብሎ ተጽፏል።

መብራቶቹ በገቡ በአራተኛው ቀን ሦስቱም ፈዘው ጠፉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስልክ ቢደወል አይጠራም።

«ባለሙያ ይልካል፤ እንጠብቅ» አሉ ወይዘሮ ታንጉት ልጆቻቸውን ሰብስበው። «እስከዚያ ማሸጊያውን እንዳትነኩ። ለሰውም ትንፍሽ እንዳትሉ፣ አደራ።»

የመጀመሪያዋ ልጅ አስረበብ ልብስ ሰፊ ናት። ኩራዝ ስር ተጎንብሳ ስትሰፋ ዓይኗ እየደከመ መጥቶ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ተቸግራለች። እሷ ባትሪውን አንስታ ጆሮዋ አጠገብ ነቀነቀችው።

«እማዬ፣ ውስጡ የሚፈስ ነገር አለ።»

«ተይ ብያለሁ አስረበብ! ዋስትናው ይቀርብናል።»

አስረበብ ግን በመቀሷ ማሸጊያውን ቀደደችና ክዳኑን ፈነቀለችው። አሸዋ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ፤ ከአሸዋው መሐል አንዲት አሮጌ የሞባይል ባትሪ ወደቀች። ወይዘሮ ታንጉት «ወይኔ!» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ባላቸው ገና ያን ሰዓት የሞቱባቸው መሰላቸው።

የመጨረሻው ልጅ አለልኝ አስም አለበት። የኩራዝ ጭስ ደረቱን ሲይዘው ደጅ ወጥቶ ብርድ ላይ ነው የሚቀመጠው። በዚያ ሰሞን መንደርተኛው ቦግ ያለችውን አምፖል አይቶ ስልሳ አባወራ ተመዝግቦ ነበር፤ ሰውዬው ተመልሶ ክፍያውን ሊቀበላቸው ቀን ቀጥሯል። አለልኝ ለሰዉ ልናገር ሲል እናቱ ነጠላቸውን እየጎተቱ «ልጄ፣ አታዋርደኝ» አሉት። እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ አለልኝ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ላይ ቆመ።

«የአባቴን የተዝካር በሬ ሰጥተን አሸዋ ገዝተናል» አለ። «ሌላ ሰው እንዳይደግመው።»

ስልሳውም ሐሳባቸውን ተዉ። ያመሰገነም ነበር፣ የሳቀም ነበር። ወይዘሮ ታንጉት ፊታቸውን ተሸፋፍነው በጓሮ መንገድ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ታዲያ ከሰዉ መሐል አንድ እህል ነጋዴ «ያ ኮት ለባሹ? ትናንት ከወንዝ ማዶ ለቅሶ ላይ አየሁት እኮ! አለቃቀሱ እንዴት አንጀት ይበላል መሰላችሁ!» አለ።

መካከለኛው ልጅ ገላው ሚስቱ መንታ ወልዳ በጭስ ውስጥ የተኛች አራስ ናት። ይህን ሲሰማ የተከፈተውን ባትሪ ከነአሸዋው በከረጢት ይዞ ወንዙን ተሻገረ። ሰውዬው አንድ ቦታ አይረጋም፤ ከለቅሶ ለቅሶ ነው የሚዞረው። ገላውም ሳያለቅስ ድንኳን መግባት አይችልምና ለማያውቃቸው አሥራ አንድ ሟቾች እያለቀሰ አለፈ፤ ድምፁ ተዘጋ። በአሥራ ሁለተኛው ለቅሶ ላይ ሰውዬውን አገኘው። ለቅሶ ቤት ጠብ አይነሣምና አጠገቡ ተቀምጦ ንፍሮ እየበላ ሰዉ እስኪነሣ ጠበቀ። ከዚያ ኮቱን ያዘው።

«ወንድሜ፣ ለመሆኑ የማንን ሞት ነው የምታለቅሰው?»

«ኧረ ነውር ነው! ለቅሶ የመጣ ሰው እንዲህ ይያዛል?» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ገላው አሸዋውን እግራቸው ስር አፈሰሰው። ሽማግሌዎቹ የሰውዬውን ካርቶኖች አንድ በአንድ አስከፈቱ። ሁሉም አሸዋ ነው፤ ደህናዋ ለማሳያ የሚያበራት አንዷ ብቻ ናት። እሷን ለገላው ሰጡት፣ ሰውዬውን ለፖሊስ አስረከቡ። በሬው ግን ታርዶ ተበልቷል።

ገላው ቤቱ የደረሰው በአርባ አንደኛው ቀን ነው። የአባቱ ተዝካር በንፍሮና በጠላ አልፏል። ትልቁ ወንድ ልጅ የት ሄደ እየተባሉ ወይዘሮ ታንጉት ተጠየቁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱ ልጆች እናታቸው ዘንድ ተሰበሰቡ። መብራቷ መሐላቸው ተቀምጣለች።

«እኔ ባልከፍተው ኖሮ እስከ ዛሬ ባለሙያ ትጠብቁ ነበር» አለች አስረበብ። «ዓይኔ ከጠፋ እንጀራዬም ጠፋ።»

«እኔ ባልናገር ሰውዬው የት እንዳለ ማን ይነግራችሁ ነበር?» አለ አለልኝ እያሳለ።

«እኔ ባልሄድስ?» አለ ገላው በተዘጋ ድምፁ። «ልጆቼ ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጭስ ጠገቡ።»

ወይዘሮ ታንጉት ሦስቱንም ተራ በተራ አዩአቸው። አንዷ ቃላቸውን ጥሳለች። አንዱ በአገር ፊት አዋርዷቸዋል። አንዱ በአባቱ ተዝካር ቀን አልተገኘም። ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ይህች መብራት እዚህ አትቀመጥም ነበር። በሬውን የሰጡትም እሳቸው ናቸው፤ ይህን ማንም አልነገራቸውም፣ ለራሳቸው ነው የሚናገሩት።

ተነሥተው የመብራቷን ፓኔልና ባትሪ ተሸክመው ወጡ። አህያውን ከመብራት ምሰሶው ፈቱትና ፓኔሉን እዚያ ፀሐይ ላይ አስደገፉት።

«እስኪ ቀን ይሙላ» አሉ። «ጀምበር ስታዘቀዝቅ ለአንዳችሁ እሰጣለሁ።»

ልጆቹ ደጁ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች፣ ከዚያም ወደ ማዶው ጋራ አዘቀዘቀች። ወይዘሮ ታንጉት ምሰሶው ስር ተቀምጠው ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈዋል።

«እኔ እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ፣ «ሦስት የገዛሁት ከልጆቼ አንዱን መምረጥ እንዳይመጣብኝ ብዬ ነበር።»

ጀምበሯ ልትገባ ነው፤ ባትሪው ሞልቷል። ሦስቱም የእናታቸውን አፍ እያዩ ነው። እስኪ እናንተ ፍረዱ፤ መብራቷ ዛሬ ማታ በማን ቤት ትብራ?