ድልድዩ ላይ ጫማቸውን ያወለቁ ሰዎች

የበደለኝ ሰው አዳሙ ሽብሩ ይባላል። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ነው። ስሙን የምጽፈው እንዲያፍር ነው፤ አላፍርም ካለ ደግሞ የራሱ ጉዳይ።

እኔ አርባ ዓመት በእጄ ያዋለድኩ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ፊደል ከመለየት ብዙም አያልፍም። እጄ ግን የእናት ሆድ ላይ ሲያርፍ የልጁ ራስ የት እንዳለ፣ ጀርባው ወዴት እንደዞረ ያውቃል። ከሦስት ሳምንት በፊት ለጤና ጣቢያው አዲስ አልትራሳውንድ መጣ። እኔ የማውቀው ከተማ ያለውን፣ ቁም ሣጥን የሚያህለውን ነበር። ይኼኛው የገላ ሳሙና ያህላል። ከስልክ ጋር ይገጠማል፤ ሆድ ላይ ቅባት ቀብተው ሲያስኬዱት ልጁ ስልኩ ላይ ይታያል። አዋላጅ ነርሷ ሰናይት ለመንደሩ ሰው ስታሳይ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር። ልጁ አውራ ጣቱን ሲጠባ አየሁ። አርባ ዓመት በጣቴ ስገምተው የኖርኩት ነገር እዚያ መስታወት ላይ እግሩን ሲያወራጭ ልነካው ጣቴን ዘረጋሁ። እንዲህ ያለ ደስታ የመጀመሪያ ልጄን ስታቀፍ ነው የማውቀው።

ይኼኔ አዳሙ ተነሣና ሰው ሁሉ እየሰማ «ከእንግዲህ የእማማ ተዋቡ ጣት ጡረታ ወጥቷል» አለ። ሰው ሳቀ። ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ይቅርታ ካልጠየቀኝ በጤና ጣቢያው በር አላልፍም ብዬ ማልሁ።

ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ቤቴ እየመጡ «እማማ፣ ይኼ ነገር ልጅ ያደርቃል ይባላል፤ እውነት ነው?» ይሉኛል። ያደርቃል አላልኩም። አያደርቅምም አላልኩም። ከንፈሬን ብቻ መጠጥሁ። በእኛ አገር ከንፈር መምጠጥ ስንት ነገር እንደሚናገር ታውቃላችሁ። አንዷም ወደ መሣሪያው አልሄደችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰናይት ራሷ መጣች። ገና ሳትቀመጥ «እማማ፣ አዝመራን ያውቋታል አይደል?» አለችኝ።

«ከእናቷ ሆድ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። አንቺ ታሳውቂኛለሽ?»

«ዘጠነኛ ወሯ ገብቷል። ሆዷ ወደ ጎን ሰፍቷል፣ አላማረኝም። ልይሽ ብላት እምቢ አለች።»

ያልነገርኳት ነገር ነበረ። ባለፈው ሳምንት አዝመራ እኔ ዘንድ መጥታ ሆዷን ነክቼዋለሁ። የልጁ ራስ በስተቀኝ ጎኗ ነው፣ እንደ ጥቅል ጎመን ድፍን ብሎ። ልጁ ተጋድሟል። እንዲህ የተጋደመ ልጅ አንድ ጊዜ ገጥሞኝ እናቲቱንም ልጁንም ቀብሬያለሁ። አዝመራን «ጤና ጣቢያ ሂጂ» ብያት «እርስዎ ከሄዱ እሄዳለሁ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ምያለሁ።

ሰናይት ስለ መሣሪያው ትነግረኝ ጀመር። ስልኩ ራሱ ሥዕሉን ያነበዋል፤ የልጁ አቀማመጥ ካላማረው ቀይ ምልክት ያወጣል። ሥዕሉ ወዲያው ሆስፒታል ላለችው የማሕፀን ሐኪም ይደርሳል፤ እናቲቱ መንገድ ላይ ሳለች አልጋው ይዘጋጃል። ነገ ከነገ ወዲያ ደግሞ ለወላድ የሚሰጠው ደም ራሱ መንገድ ሳይፈልግ በሰማይ፣ ሰው በሌለበት ትንሽ አውሮፕላን ተጭኖ ይመጣልናል አለች። ስታወራ እጇ አያርፍም። እኔም ሳላስበው ወንበሬን ወደ እሷ አስጠግቻለሁ። ከዚያ ድንገት ድምፅዋ ወረደ።

«እማማ፣ ይህን ሁሉ የሚያይ ነገር ይዘን ሰው ለምን ይሸሸናል?» አለችኝ።

እኔም እንዲህ ብዬ ነገርኳት።

አንድ ወንዝ አሻጋሪ ሽማግሌ ነበረ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ሰው የሚሻገረው በእሱ ነው። ሰዎቹ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ልብሳቸውን እስከ ጭናቸው ይሰበስባሉ፣ የአሻጋሪውን ጋቢ ጫፍ ይይዛሉ። እሱ በዘንጉ ከውኃው ሥር ድንጋይ እየፈለገ ከፊት ይሄዳል። የረገጠበትን ይረግጣሉ። እንዲህ ሆኖ ብዙ ዘመን ኖረ። ሆኖም በየክረምቱ ወንዙ አንድ ሁለት ሰው ሳይወስድ አይጎድልም ነበር። አሻጋሪው የእያንዳንዳቸውን ስም በልቡ ይዟል።

አንድ ባለሙያ መጣና ድልድይ ሠራ። የገመድ ድልድይ ነው፣ ጣውላ ተነጥፎበት ከዳር እስከ ዳር የተንጠለጠለ፤ የሚያምር ነገር። በጨረሰ ቀን ሕዝቡን ሰብስቦ «ከእንግዲህ የሽማግሌው ዘንግ ማገዶ ይሁን» አለ። አሻጋሪው ይህን ሰማ። ከድልድዩ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ጀርባውን ሰጠ።

ክረምት ገባ፣ ወንዙ ሞላ። ሰው እየመጣ ድልድዩን ያያል፣ ሽማግሌውን ያያል። ሽማግሌው ድልድዩን አያይም። «እሱ የጠላውን ምን ብለን እንረግጣለን» እያሉ ዳር ቆሙ። ባለሙያው ገመዱን እየጎተተ ጥንካሬውን አሳያቸው። ራሱ ሦስት ጊዜ ተመላለሰበት። «የገዛ ሥራው ነው፤ ባይሄድበት ነበር የሚገርመው» አሉ።

አንዲት እናት የታመመ ልጅ አዝላ መጣች። ሐኪሙ ያለው ማዶ ነው። በድልድዩ አጠገብ አልፋ ወደ ሽማግሌው ሄደች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ የጋቢውን ጫፍ ያዘች። «አባባ፣ ያሻግሩኝ» አለችው። ሽማግሌው ውኃውን አየ። የዚያን ቀን ውኃ ማንንም አያሻግርም። ልጁን አየ። ባለሙያውንም አየ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ፊት አልነበረውም።

ሽማግሌው ተነሣ። ጫማውን አወለቀ፣ ልብሱን እስከ ጭኑ ሰበሰበ፣ ወደ ድልድዩ ሄደ። ደረቁን ጣውላ ልክ ከውኃ ሥር ድንጋይ እንደሚፈልግ ሰው በዘንጉ እየመታ ከፊት ቀደመ። እናቲቱ ጋቢውን ይዛ ተከተለች። ከኋላ ያለው ሕዝብም ሁሉ ጫማውን አወለቀ፣ ልብሱን ሰበሰበ፤ ጠብታ ውኃ በሌለበት ጣውላ ላይ ወንዝ እንደሚሻገር ሆኖ ተሻገረ። ባለሙያው ሊስቅ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ይህን ነግሬ ወደ ሰናይት ዞርኩ።

«ልጄ፣ ድልድዩ ያቺ ሳሙናሽ ናት» አልኳት። «ጠንካራ ናት። እኔ በዘንጌ የምፈልገውን እሷ አይታ ታውቀዋለች፤ እኔ ያጣኋቸውን ሰዎች እሷ አታጣቸውም ነበር። ሰው ግን ጣውላው ስለጠነከረ ብቻ አይረግጠውም። የሚያምነው እግር ሲረግጠው ማየት አለበት። የጠየቅሽኝ መልሱ ይኼው ነው። አሻጋሪው ደግሞ እኔ ነኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ድንጋይ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ለአዳሙ ብትነግሪው ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ እክዳለሁ።»

ሳቀች። ከዚያ ቀስ ብላ «ሽማግሌው በኋላ ይቅርታ ተጠየቀ?» አለች።

«አልተጠየቀም። ልጁ ግን ማዶ ደረሰ። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ጠብቂን።»

በማግስቱ ጠዋት አዝመራን ክንዷን ይዤ ወሰድኳት። በሩ ጋ ስንደርስ እግሯ አልነሣ አለ። በረንዳው ላይ ለልጅ ክትባት ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ሁሉ እኔን ያያሉ። ክፍሉ ውስጥ አዳሙ ከሰናይት ጋር ቆሟል። ጫማዬን አወለቅሁ። አልጋው ላይ ወጥቼ ተጋደምሁ፣ ስድስት ልጅ የተሸከመውን ጭምድድ ሆዴን ገለጥሁና «ቀቢኝ» አልኳት ሰናይትን። ቀባችኝ፣ ሳሙናዋን ከወዲያ ወዲህ አስኬደችው። በረንዳው ላይ ያሉት እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ይቀዘቅዛል፤ ሌላ ምንም የለውም» አልኩ። «ነይ አዝመራ፣ ተራሽ ነው።»

ጫማዋን አወለቀች። አልጋው ላይ ስትወጣ እጄን በስተቀኝ ጎኗ ላይ አሳረፍሁ። «ከዚህ ጀምሪ» አልኳት ሰናይትን። ሳሙናዋ ጣቴ ያለበት ስትደርስ የልጁ ራስ ስልኩ ላይ ክብ ብሎ ወጣ፤ ከላዩ ቀይ ምልክት በራ። ልቡ ስትመታ በዓይናችን አየናት፤ አዝመራም አንገቷን ቀና አድርጋ አየች። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። ሐኪሟ ናት፤ ምጥ ሳይጀምራት አሁኑኑ ላኳት፣ ክፍሉን እያዘጋጀሁ ነው አለች።

«አዳሙ» አልኩት፣ «ጡረታ የወጣችው ጣት የት እንዳለች አየህ?»

የአምቡላንሱን ሹፌር ሊጠራ እየሮጠ ወጣ። እኔም የአዝመራን ጫማ በእጄ ይዤ ተከትዬው ወጣሁ፤ እሷን አምቡላንሱ ውስጥ ሲያስተኟት እኔ ከፊት፣ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጥሁ።