መሪውን የለቀቀው ካፒቴን

ነፋስ የትምህርት ቤቷን ጣሪያ ከገነጠለባት ወዲህ እንቅልፍ ያጣችው ርእሰ መምህርት ሙላቷ፣ አረጋዊውን መምህር አስረስን «ሥራዬን ለምክትሌ ባካፍል ደካማ ናት አይሉኝም ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም እንዲህ አሏት።

አንድ ካፒቴን ነበረ። እሱ አውሮፕላን ሲያሳርፍ ተኝቶ የመጣ መንገደኛ አይነቃም ይባልለት ነበር፤ ይህንን ወሬ ካፒቴኑም አይጠላውም።

አንድ ቀን መንገደኞቹን ይዞ ወደ ከተማው ሲቃረብ የማስጠንቀቂያ መብራት በራበት። የሃይድሮሊክ ዘይት እየፈሰሰ ነው። ይህ ዘይት በቧንቧ እየተገፋ ጎማ ያወርዳል፣ ፍሬን ያስይዛል፣ የፊቱን ጎማ ያዞራል። አውሮፕላን ለዚህ መጠባበቂያ አያጣም፤ ነገር ግን መመሪያውን እያነበቡ ተረጋግቶ መሥራት ይጠይቃል።

ካፒቴኑ ግን ሁሉንም እኔው አለ። በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው መመሪያውን ይገልጣል፤ በዚያው ላይ ከአውሮፕላን ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ ጋር ይነጋገራል። ረዳት አብራሪው ወጣት ነበርና ታላቁን ማረም ነውር መሰለው። እንደ አገራችን ደንብ ጉሮሮውን ጠረገ። ካፒቴኑ አልሰማም። ደግሞ ጠረገ።

«ጉንፋን ይዞሃል እንዴ?» አለ ካፒቴኑ፣ ዓይኑን ከመመሪያው ሳያነሳ።

«የለም ካፒቴን፤ ወርደናል። ተራራው ቀርቦናል።»

ቀና ሲል እውነትም ተራራው ከፊቱ ተገትሯል። አውሮፕላኑን ሽቅብ ስቦ ከተራራው አራቀውና በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ መሪውን ለቀቀ።

«አንተ አብርር፤ እኔ ችግሩን ልያዝ። ስሳሳት ደግሞ እባክህ አትሳል፣ ተናገር!»

ያን ጊዜ ነገሩ መልክ ያዘ። ወጣቱ ሐሳቡን በማብረሩ ላይ ብቻ አደረገ። ካፒቴኑም እያነበበ የጎማውን ማሰሪያ ሲፈታው፣ ጎማው በራሱ ክብደት ወርዶ ተቆለፈ። ሊያርፉ ሲሉ የካፒቴኑን እጅ በላው። «መሪውን አምጣ» ሊል አፉን ከፍቶ ዋጠው።

ወጣቱ አሳረፈው። እርግጥ ነጠር ነጠር ብሎ ነው፤ የተኛ ሁሉ ነቅቷል። ቢሆንም በደህና ቆመ፣ መንገደኛውም እልል አለ። የፊቱ ጎማ አልዞርም ስላለ እንደ ተበላሸ ሚኒባስ በትራክተር ተጎትተው ገቡ። መንገደኞቹ የካፒቴኑን እጅ ለመጨበጥ ሲሻሙ እሱ «ያሳረፋችሁ ይኸውና!» ብሎ ወጣቱን ወደ ፊት ገፋው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

መምህር አስረስ ወደ ሙላቷ ዞሩ።

«አንቺም ልጄ፣ ቆርቆሮ ፍለጋ ስትሮጪ ትውያለሽ፤ ተመልሰሽ ደግሞ ክፍል ለክፍል ትዞሪያለሽ። ልጆቹ እኮ ተሳፍረዋል። ትምህርታቸው እየወረደ ነው፤ ደፍሮ የነገረሽ ግን የለም። ትምህርቱን መከታተሉን ለምክትልሽ ስጪና አንቺ ጣሪያውን ያዢ። ደካማ ናት የሚል ካለ ይበል፤ ብቻ ልጆቹ በሰላም ይድረሱ።»